ፍግ የማይወደው ዘር

አባቴ መርሳ ከተማ እኔ ቤት የመጡት በጥር ነው። ከግራና ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን አውድማ ላይ ወድቀው ጉልበታቸው ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ከዘራ መቆም አቃታቸው። ወንድሜ ማሳውን ተረከበ፣ እኔ አባቴን ተረከብኩ። እናታችን ወደ አኼራ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፤ እኔም ከባሌ ከተለያየሁ በኋላ ብቻዬን ነው የምኖረው። ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ አለኝ። ለሁለት ሰው አይጠብም።

ያስቸገረኝ ዝምታቸው ነበር። ሱብሂ ሰግደው፣ ቁርሳቸውን ቀማምሰው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ከፊታቸው ባጃጅ ያልፋል፤ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ የሚከንፍ ከባድ መኪና ያልፋል። ዓይናቸው አንዱንም አይከተልም። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያው ጠዋት በተውኳቸው አቀማመጥ አገኛቸዋለሁ።

«አባባ፣ እንዴት ዋሉ?»

«አልሀምዱሊላህ።»

«የሚበላ ላምጣልዎ?»

«ምን ሠርቼ ነው የምበላው ልጄ?»

ይህቺ ንግግር ታናድደኝ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲያርስ የኖረ ሰው ጥቂት ወር አረፍ ብሎ ቢበላ ማን ይጠይቀዋል? እንዲህ ብያቸው አውቃለሁ። ሰምተው ፊታቸውን ወደ መንገዱ ይመልሳሉ።

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ጥሩ መምህርት መሆኔን ለመናገር አላፍርም፤ ተማሪዎቼም ይመሰክራሉ። የላብራቶሪ ዕቃችን በጦርነቱ ጊዜ ከጠፋ ወዲህ እንኳ ልብን በበግ ልብ፣ ኩላሊትን በፍየል ኩላሊት አስተምሬ ተማሪዎቼን አሳልፋለሁ። በወሬ ብቻ የማልፈው አንድ ርዕስ ነበር፤ ነፍሳት በል ተክሎች የሚለው። መጽሐፉ ላይ አንዲት ትንሽ ሥዕል አለች። ቅጠሏ ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር፣ በየፀጉሩ ጫፍ የጤዛ ጠብታ። ትንኟ ጠብታውን ጣፋጭ መስሏት ታርፋለች፣ ትጣበቃለች፣ ቅጠሉ ቀስ ብሎ ይጠቀለልባትና አሟምቶ ይበላታል። ይህን ስናገር ክፍሉ ሁሌም ጸጥ ይላል። የምናገረውም በዓይኔ አይቼ እንደማውቅ አድርጌ ነው። አይቼ ግን አላውቅም ነበር።

በየካቲት ለሥልጠና ወልድያ ስሄድ አንድ የቀድሞ ተማሪዬን አገኘሁ። ውጭ አገር ተምሮ ተመልሶ ወልድያ የሚሠራ፣ ዛሬ ራሱ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው። እንደ ድሮው «ቲቸር» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ስለ ድሮ ትምህርታችን ስናወራ ያ ተክል ተነሣ፤ ውጭ ሳለ መስኮቱ ሥር ያሳድገው እንደነበርና ዘሩን ይዞ እንደመጣ፣ ለመዝራት ግን ጊዜ እንዳጣ ነገረኝ። በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ይዞልኝ መጣ። አንዲት ትንሽ የወረቀት ፖስታና አንድ ላስቲክ ሙሉ ቡናማ፣ ደረቅ፣ ሲነኩት የሚቦን ነገር ነበር። ከረግረግ የሚቆፈር የቆየ የተክል ብስባሽ ነው አለኝ።

«ተክሏ ድሮሴራ ትባላለች» አለ። «ቲቸር፣ የሚዘሩት በዚህ ብስባሽ ላይ ነው። አፈር አያልብሷት። የቧንቧ ውሃ አያጠጧት። ፍግም ሆነ ማዳበሪያ ደግሞ...»

ሳቅሁበት። «አንተን ስለ ዘር አበቃቀል ማን ነው ያስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«እንግዲያው ለኔ ተወው።»

ረዳቱ «መርሳ! መርሳ!» እያለ ነበር። ገባሁ። ሚኒባሱ ሲሪንቃን ሲያልፍ ፖስታውን ከፈት አድርጌ አየሁ። ዘሩ ጥቁር አቧራ ነው የሚመስለው። ጤፍ እንኳ ከሱ አጠገብ ቢቀመጥ ትልቅ ነው የሚባለው። ትንፋሼ እንዳይበትነው ቶሎ ዘጋሁት።

ቤት ስደርስ ያንን ቡናማ ብስባሽ ናቅሁት። ሽታ የለው፣ ወዝ የለው። ከችግኝ ጣቢያ ያመጣሁትን ጥቁር አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ለወስኩና በሰፊ የላስቲክ ሳህን ሞላሁ። ከዘሩ ሲሶውን ዘራሁበት፣ ስስ አፈር አለበስኩት፣ ከቧንቧ ቀድቼ አጠጣሁት። ሳህኑን በረንዳው ጫፍ፣ ከአባቴ ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጥኩ። እሳቸው ሁሉንም ዝም ብለው አይተዋል። አፈሩን ሳለብስ ብቻ ከዘራቸውን አንድ ጊዜ መሬቱ ላይ መታ አደረጉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ጎረቤቴ፣ አጥር ለአጥር የምንኖር ክርስቲያን ሴት ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ሳህኑን አይታ ምን እንደተከልኩ ጠየቀችኝ።

«ትንኝና ዝንብ የሚበላ ተክል ነው፣ እትዬ።»

«በስመ አብ! ዝንቡንስ ይብላ፤ ሰው አይነካም?»

«አይነካም።»

«እንግዲያውስ ለኔም ጓዳ አንድ ታወጪልኛለሽ።»

መጋቢት አለቀ። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት ከአፈሩ መሀል አንዲት ቀላ ያለች ቡቃያ ብቅ ብላ አየሁ። ጮህኩ። እትዬ በአጥሩ በኩል መጣች። አባቴ፣ ከመጡ ጊዜ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው ሳህኔን አዩ።

«አሉማ ነው» አሉ።

«አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ አሉማ ስነቅል ነው ያረጀሁት።»

እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አረሟን ነቅዬ ወረወርኩ። አባቴ ግን አንዴ አፋቸው ተከፍቷልና ቀጠሉ።

«ያንቺ ዘር አይወጣም።»

«ለምን አይወጣም?»

«ቀበርሻታ! ጤፍን ማን ይቀብረዋል? ማሳውን በከብት ታስረግጫለሽ፣ ላዩ ላይ ትበትኛለሽ፣ ትተይዋለሽ። በቃ።»

«ይኼ ጤፍ አይደለም፣ አባባ።»

«ከጤፍም ያንሳል ስትይ ሰምቻለሁ። ያነሰ ዘር የያዘው ስንቅ ትንሽ ነው። አፈር ጭነሽበት በየት በኩል ይውጣ?»

እሳቸው ያሉትን እኔ በጠመኔ እየጻፍኩ የማስተምረው ነው፤ በዘር ውስጥ ስላለው ስንቅ፣ ደቃቅ ዘር ለመብቀል ብርሃን ስለመፈለጉ። ሌላ ሰው ቢሳሳተው ቀይ እስክሪብቶ አነሣበት ነበር።

«ታዲያ ስዘራ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። አስተማሪዋ አንቺ ነሽ።»

በዚያው ቀን ወልድያ ደወልኩ። ተማሪዬ ሲናገር ሳላቋርጠው ሰማሁ፤ ያለውን በደብተር ጻፍኩ። ተክሏ የበቀለችበት አገር መሬቱ ረግረግ ነው፤ ዝናብ ያጠበው፣ ምንም ምግብ የሌለው። ትንኝ መያዝ የተማረችው በዚያ ምክንያት ነው። ሥሯ ድህነት የለመደ ስለሆነ ወዝ ያለው አፈር ይገድላታል። የኛ የቧንቧ ውሃም ጨው አለበት። ይህንን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ የሻይ ማንቆርቆሪያዬ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈቀፍቀው የኖርኩት ያ ቅርፊት ምን እንደሆነ ለተማሪዎቼ አስረዳለሁ፤ ዘሬ ላይ ሳፈስሰው ግን ትዝ አላለኝም።

ስለዚህ ዝናብ ጠበቅን። ጠበቅን የምለው አባቴም ስለጠበቁ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ተራራው በኩል አንጋጠው «ዛሬም የለም» ይሉኛል። በግንቦት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደመናው ከላይ ከደጋው ወርዶ ሳይታሰብ ዘነበ። እኔና እትዬ ገበታ፣ ድስት፣ ባልዲ፣ ያገኘነውን ሁሉ ከቆርቆሮው ሥር ደረደርን። የመጀመሪያው ውሃ ጣሪያውን ያጠበ ነውና አባቴ ከበረንዳው «ድፉት! የፊተኛውን ድፉት!» ይላሉ። ደፋን። ወዲያው አንዱ ባልዲ ዘንበል ማለቱን አዩ። ከዘራቸውን ትተው፣ ግድግዳውን ይዘው ወርደው አቀኑት። ሸሚዛቸው ረጥቦ ሲመለሱ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ስለ ጉልበታቸው ባነሣ ተመልሰው እንዳይቀመጡ ፈራሁ።

አሸዋ ከመርሳ ወንዝ አመጣሁ። ከሁለት ቦታ ነው የዘገንኩት። ሁለቱንም በየሳህኑ አድርጌ ሎሚ ጨመቅኩባቸው፤ አንደኛው ተንፈቀፈቀ፣ ኖራ አለበት ማለት ነው፣ ደፋሁት። ሌላው ጸጥ አለ። ጸጥ ያለውን በዝናብ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩና ያንን የናቅሁትን ብስባሽ ግማሹን ከሱ ጋር ቀላቀልኩ። አባቴ አሁን ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ነበር።

«እንዲህ ደቃቅ ሲሆን በእጅ ብቻ አይዘራም» አሉ። «ተከማችቶ ይወድቃል። ከደረቅ አሸዋ ጋር አዋህጂው። ጤፍም ሲሳሳ እንዲያ ነው።»

አዋሃድኩት። ላዩን በማንኪያ ጀርባ ደልደል አድርጌ ጠቅጥቄ ከቀረው ዘር ግማሹን በተንኩ። አፈር አላለበስኩም። ሳህኑን ሥሩን በስቼ የዝናብ ውሃ የያዘ ትሪ ላይ አስቀመጥኩ፤ ውሃው ከሥር እየተሳበ እንዲወጣ። ላዩን በሚያሳይ ላስቲክ ሸፈንኩ። በዚህኛው ተማመንኩበት። ፖስታውን አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩ፤ ያለቀለት ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

በሰኔ፣ ፈተና እያረምኩ ሳለሁ፣ አባቴ ጠሩኝ። ያ ድምፅ ድሮ ከማሳ ማዶ ከብት ሲመልሱ እሰማው የነበረ፣ ረስቼው የቆየሁት ድምፅ ነው።

«ልጄ! ነይ! ወጡ!»

እሳቸው ያለ መነጽር ማየታቸው ገረመኝ። እኔ አጉሊ መነጽር ይዤ ነው ያየሁት። የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ አረንጓዴ ነጥቦች፣ ሁለት ሁለት ቅጠል ያላቸው። መቁጠር ጀምሬ አርባ ሳልፍ ተሳሳትኩና ተውኩት። አባቴ «ማሻአላህ» አሉ፤ ደግመውም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላስቲኩን ማናፈስ የሳቸው ሥራ ሆነ። ዙህር ሰግደው ገለጥ ያደርጋሉ፣ ለዐስር ሶላት ሲነሡ መልሰው ይሸፍናሉ። ምሳቸውን ሳልለምናቸው መብላት ጀመሩ።

ሁለት ሳምንት አልሞላውም። አንድ ቀን ስመለስ ነጥቦቹ ላይ የሚያሙለጨልጭ አረንጓዴ ልባስ ተነጥፏል፤ ሥሩ ያሉት ቡቃያዎች ጠቁረዋል። ጣቴን አስገብቼ አሸተትኩ። ፍየል በረት ሸተተኝ።

«አባባ፣ ምን ጨመሩበት?»

አልዋሹም። አባቴ ዋሽተው አያውቁም። «ፍግ ነው። ከእትዬሽ ፍየሎች ነው የለቀምኩት። ወቅጬ፣ በውሃ አቅጥኜ፣ ትንሽ ነው የረጨሁ።»

«ፍግ አትወድም ብዬ አልነገርኩዎትም?»

«ነግረሽኛል። ግን አላደጉም፤ ቆመው ቀሩ። አሸዋ ላይ ምን ይበላሉ? ርቧቸው ነው ብዬ...»

ማስጨረስ ነበረብኝ። አላስጨረስኳቸውም። «ይኼ የአንቱ ማሳ አይደለም!» አልኩ። «ማሳዎ ግራና ነው የቀረው። ያልታዘዙትን ለምን ይነካሉ?»

እትዬ አጥሩ ሥር ነበረች፤ ሰምታ ወደ ቤቷ ገባች። አባቴ ከዘራቸውን አንሥተው፣ ቀስ ብለው፣ ወደ ክፍላቸው ገቡ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። እትዬ ነገረችኝ፤ ባጃጅ አስጠርተው የግራና መኪና ወደሚያዝበት ሄደዋል። «የጤፍ መሬት የሚረገጥበት ጊዜ ደርሷል፣ ልጆቹ ያበላሹታል» ብለዋታል። ቆየት ብሎ ወንድሜ በደህና መግባታቸውን ደወለልኝ። ምን እንደተፈጠረ አልጠየቀም፤ እሳቸው እንዳልነገሩት ገባኝ።

ከሳምንት በላይ አልደወልኩላቸውም። ትክክል ነበርኩ፤ ያስቸገረኝም ይኸው ነው። ስለ ፍጉ ትክክል ነበርኩ፤ ስለ ማሳው የተናገርኩትም ሐሰት የለበትም። ግን ማታ ራት ሳቀርብ ሁለት ሰሃን አውጥቼ አንዱን እመልሳለሁ። ትምህርት ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ ቁም ሣጥኔን ከፍቼ የቀረውን ዘርና ብስባሽ በቦርሳዬ ያዝኩና ግራና ሄድኩ።

ከገበያው ወርጄ በጭቃው ወደ መንደራችን ተራመድኩ። ማሳው ላይ ወንድሜ ከብቶቹን ወዲያና ወዲህ እየነዳ መሬቱን ያስረግጣል። አባቴ ዳር ላይ፣ ከግራሩ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ይጠቁማሉ። «በዚያ በኩል! እዚያ አልጠነከረም!» ሳያዩኝ አልቀሩም፤ ግን ጥቆማቸውን አላቋረጡም። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ።»

«ወአለይኩም ሰላም። በጭቃ ለምን መጣሽ?»

«አውፍ እንዲሉኝ፣ ይቅር እንዲሉኝ ነው።»

ወንድሜ አንዱን ዙር እስኪጨርስ በከዘራቸው ይጠቁሙት ጀመር።

«የሰው ማሳ ውስጥ መግባት ልማዴ አልነበረም» አሉ በመጨረሻ።

«የሰው ማሳ አይደለም። ስናደድ ነው ያልኩት። ቀሪውን ዘር ይዤው መጥቻለሁ፤ ይህንን አንቱ ይዝሩት። እኔ ዳር ቆሜ ነው የማየው።»

ፖስታውን ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት። ክብደት አልነበረውም። «ፍግ የማይወድ ዘር እንዴት አድርጌ ላሳድግ? የማውቀው ማብላት ነው።»

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ገበሬ ያስረዳኋቸው። «አባባ፣ ሽምብራ ዝናብ ሲበዛባት ምን ትሆናለች?»

«ትሞታለች። መሬት ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው የምትደርሰው።»

«ሰው አዝኖላት ውሃ ቢያጠጣትስ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ፈገግታ ነገር መጣች። «ገደላት ማለት ነው» አሉ።

«ይህቺም ምግብ በሥሯ ሲመጣባት እንዲያ ናት።»

«በእጇ ነው እንጂ በእግሯ አትበላም በያ!»

«አዎ፣ በእጇ ነው።»

«ታዲያ ይኼንን መጀመሪያ አትነግሪኝም?» አሉ። «'አትወድም' ብቻ ነው ያልሽኝ። የማይወደውን ሲያበሉት ለምዶ የሚወድ ስንት አለ።»

ጤፉ እስኪዘራ ሦስት ቀን ቆየሁ፤ ከዚያ አብረን ተመለስን። ሚኒባሱ ውስጥ ፖስታውን ራሳቸው ነበሩ የያዙት፤ በሸሚዛቸው ኪስ፣ ከተስቢሃቸው መቁጠሪያ ጋር።

ሲዘሩ አልነካሁም። የአሸዋውን መታጠብ ተቆጣጠሩ፤ «ገና ነው» እያሉ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ላዩን በማንኪያ ሳይሆን በመዳፋቸው ደለደሉ። ዘሩን ከአሸዋ ጋር አዋህደው «ቢስሚላህ» ብለው ሲበትኑ፣ ሳህኑ የአንድ ክንድ ስፋት ብቻ ቢሆንም፣ ትከሻቸው ማሳ ላይ እንደሚበትን ሰው ነበር የሚዞረው። ከዚያ ምንም አላደረጉም። ይህ ምንም አለማድረግ ምን ያህል እንደሚከብዳቸው አይቻለሁ። እጃቸው ወደ ላስቲኩ ይሄድና ይመለሳል። «ዝም ብሎ ማየትም ሥራ ነው ለካ» አሉኝ አንድ ቀን።

በነሐሴ ወጡ። በመስከረም ትናንሽ ክብ ቅጠሎች አወጡ፤ ቅጠሎቹም ፀጉር አበቀሉ። አንድ ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታቸው በየፀጉሩ ጫፍ ጠብታ አየሁ። ለዓመታት በጠመኔ ስሥለው የኖርኩት ነገር ነው። ሥዕሌ ልክ አልነበረም፤ ጠብታዎቹን ትልልቅ አድርጌ ነበር የምሥላቸው፣ የፀጉሮቹም ቀለም ቀላ ያለ ነው፤ ያንን ማንም አልነገረኝም ነበር። ደብተሬን አውጥቼ እንደገና ሣልኩ።

መጀመሪያ የተያዘችውን ትንኝ ቀድመው ያዩት አባቴ ናቸው። በጥቅምት መጀመሪያ ነው። እኔንም፣ እትዬንም ጠሩን። በአጉሊ መነጽሩ ተራ በተራ አየን። ከአሸዋው የምትነሣ ደቃቅ ትንኝ ናት፤ ሁለት ክንፏ ተጣብቆ እግሯን ታወራጫለች። በዙሪያዋ ያሉት ፀጉሮች ይጎነበሱባታል፤ ሲጎነበሱ ግን አይታይም፣ ምሳ በልተን ስንመለስ ነው ጎንበስ ብለው ያገኘናቸው።

እትዬ አማተበች። «ይኼ ነገር የጤና ነው? ተክል ሆኖ ነፍስ ያለው ይበላል?»

«ሸረሪት ትይዝ የለም?» አሉ አባቴ። «የአላህ ሥራ ነው። ድሃ መሬት ላይ አስቀመጣት፤ እጅ ሰጣት። የሚያስፈራ ነገር የለውም።»

እትዬ ለጓዳዬ አንድ አውጪልኝ ያለችውን እንድታነሣ ጠብቄ ነበር፤ አላነሣችም።

ተማሪዎቼን ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። ሳህኑን ክፍል ድረስ ልወስደው ብዬ ነበር፤ አባቴ ግን «በባጃጅ ተንገጫግጮ? ወላሂ አይሄድም» አሉ። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ በየቡድኑ መጡ። እኔ ትምህርቱን ልጀምር ስል አባቴ ከወንበራቸው ተነሥተው ጀመሩ። ስለ ዝናብ ውሃ፣ ስለ ሎሚና አሸዋ፣ አፈር ስላለማልበስ ነገሯቸው። ፍግ ረጭተው የመጀመሪያዎቹን እንደፈጁም አልደበቁም። አንዲት ተማሪ ትልቅ ዝንብ በክንፉ ይዛ መጥታ ልትጥልላት ስትል ከዘራቸውን ዘረጉ።

«ተይ! ጡት ያልጣለ ሕፃን ጥሬ ሥጋ ይሰጠዋል? የያዘችውን ትብላ።»

ልጅቷ ዝንቡን ጣለች። ከዚያ ጥያቄ ጠየቀች፤ ጠብታው እንዴት ዝንብን ይዞ ዝናብ ሲነካው እንደማይታጠብ። አባቴ እኔን አዩኝ። «ይኼ ያንቺ ነው» አሉ። መልሱን በደንብ አላውቀውም ነበርና አንብቤ እንደምመለስ ነገርኳት። ለተማሪ አላውቅም ማለት ድሮ ይከብደኝ ነበር፤ ያን ቀን ቀለል አለኝ።

በኅዳር አባቴ ለአጨዳ ግራና ደርሰው ተመለሱ። አሁን እንዲህ ነው የምንኖረው፤ ለዘርና ለአጨዳ ይሄዳሉ፣ በተረፈው እኔ ዘንድ ናቸው። ሲሄዱ ስለ ላስቲኩ ትእዛዝ ይሰጡኛል፣ ስልክም ይደውላሉ። አንዱን ተክል በጣሳ አድርገን ለተማሪዬ ወልድያ ወሰድንለት፤ መንገዱን ሙሉ ጭናቸው ላይ ነበር። ተማሪዬ በሩ ላይ ቆሞ ጣሳውን ሲያይ መጀመሪያ አላመነም።

«ቲቸር፣ በመርሳ ሙቀት?»

«በመርሳ ሙቀት» አልኩት። «አንተ ያልከኝን ያኔ አልሰማሁህም። ሰምቼህ ቢሆን አንድ ክረምት እቆጥብ ነበር።»

አባቴን በአክብሮት ወንበር ሰጥቷቸው፣ በምን እንዳሳደጉት ጠየቃቸው። እሳቸውም ነገሩት፤ እሱም እኔ በየካቲት ልሰማው ያልፈለግኩትን ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠ።

ሳህኑ ላይ ዛሬ አስራ አንድ አሉ። በበጋው መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ ላይ የቀሩ አራት ተቃጠሉብን፤ ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ ከማዳበሪያ ጆንያ ጥላ ሠራን። ከፊታችን ያለው ግንቦት ይከብዳል፤ የመርሳን ግንቦት አውቀዋለሁ። ግን የዝናብ ውሃ በሁለት በርሜል አጠራቅመናል፣ ጥላውም ይበቃል። ትናንት አባቴ ከአንዷ መሀል ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ መውጣቱን አሳዩኝ። አበባ ልታወጣ ነው። «ዘሯ ሲደርስ የቱ ጋ እንደምንዘራው እናስብ» አሉኝ፤ ከእራት በፊት ቁጭ ብለን ሥሩ ስንት ሳህን እንደሚይዝ ለማወቅ የጓሮውን ግድግዳ በክንድ ለካን።